ለስንቅ ነው የመጣነው

ደብረ ማርቆስ ውስጥ እኔን ሲያይ መንገድ የሚቀይር ሰው ሞልቷል። አልቀየመውም። ዕድሜዬን ሙሉ በሰው በር ላይ ቆሜ ለሌላ ሰው ስለምን የኖርኩ ሴት ነኝና፣ ከሩቅ ያየኝ ሁሉ "ዛሬ ደግሞ ምን አምጣ ልትለኝ ይሆን?" ብሎ ቢሸሽ አይፈረድበትም። የሰፈሬ ሰው ሲቀልድብኝ፣ "እሷ ገነት ብትገባ እንኳ፣ ሲኦል ላሉት ውኃ አዋጡ እያለች ጻድቃኑን መቀመጫ ታሳጣቸዋለች" ይላል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። እውነት ነዋ፣ ምን ይደረግ።

ልብ ብሎ ላየኝ ግን አንድ ነገር ቀይሬያለሁ። ድሮ የምለምነው ጠዋት ነበር፤ ሴቱ ወደ ገበያ፣ ወንዱ ወደ ሥራው ሳይበተን፣ ሰው ገና ከቤቱ ሳለ። ዛሬ ዛሬ ከምሳ በኋላ ካልሆነ ለልመና አልወጣም። ስወጣም በር ላይ ከመድረሴ በፊት፣ ገና ከአጥሩ ማዶ ሆኜ፣ "ሁሉም ደህና ነው! ለልመና ነው የመጣሁት!" እያልኩ እጮሃለሁ። ልጆቹ ይስቁብኛል። ለምን እንደምጮህ የሚያውቁት ሴቶች ግን አይስቁም፤ ፈጥነው በሩን ይከፍቱልኛል።

ልመናን ያስተማረችኝ እናቴ ናት። ልጅ ሳለሁ፣ ረሃብ ከአገሯ ያፈናቀላት አንዲት እርጉዝ ሴት ከደጃችን ወድቃ አገኘናት። የእኛም ጓዳ ባዶ ነበር። እናቴ ቁና አስይዛኝ "ሂጂ፣ ከየቤቱ እፍኝ እፍኝ እህል ለምነሽ አምጪ" አለችኝ። አፍሬ በሩ ላይ ተገተርኩ። "ለራስሽ ስትለምኚ እፈሪ፤ ለሰው ስትለምኚ ግን ቀና በይ" ብላ ገፍትራ አስወጣችኝ። ከዚያ ወዲህ ቀና እንዳልኩ ነው።

የምተዳደረው በስፌት ነው። በእግር በሚረገጥ መኪና የሰው ልብስ እየሰፋሁና እየጠገንኩ ልጆቼን አሳድጌያለሁ። መኪናዬን የረገጥኩትን ያህል ግን የሰው ደጅ ረግጫለሁ። ዘመድ ለሌለው ሬሳ መገነዣ፣ እናቱ ለሞተችበት ሕፃን ወተት፣ ለእስረኛ ብርድ ልብስ ለምኛለሁ። ጦርነት ሲመጣ ደግሞ ስንቅ። በእኔ ዕድሜ ጦርነት ጠፍቶ አያውቅም፤ እንደ ክረምት እየተመላለሰ ይመጣል። በመጣ ቁጥር እኛ ሴቶቹ ገብስ እንቆላለን፣ በሶ እንፈጫለን፣ ዳቦ ቆሎ እንጠብሳለን። የሚጣሉት ይቀያየራሉ፤ በሶው ያው በሶ ነው።

ሰው፣ እኔን የሚያስደነግጠኝ የከለከለኝ ይመስለዋል። አይደለም። የከለከለኝን "እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ ወደሚቀጥለው በር ነው፤ ቂም ለመያዝ ጊዜውስ መቼ አለኝ? እኔን እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝ የሰጠኝ ሰው ነው።

በደርግ ጊዜ፣ ገና አዲስ ሙሽራ ሳለሁ፣ ለቁስለኛ ማሰሪያ የሚሆን ጨርቅ ሰብስቡ ተባልንና በጭነት መኪና ጉንደ ወይን ድረስ ሄድን። አንዲት ባልቴት ቤት ገባሁ። ቤቷ ውስጥ ከመደቡና ከአንድ ሣጥን በቀር የሚታይ ነገር የለም። ምን እንደምንፈልግ ነገርኳት። አይታ አይታኝ ሣጥኗን ከፈተችና ተጣጥፎ የተቀመጠ፣ መቀስ ያልነካው አቡጀዲ አውጥታ ሰጠችኝ። ደስ ብሎኝ፣ መርቄያት ወጣሁ። ጥቂት እንደሄድኩ ጎረቤቷ ተከትላኝ መጣችና፣ "ምነው ልጄ፣ የመገነዣዋን ጨርቅ ተቀብለሽ ትሄጃለሽ?" አለችኝ።

ክው አልኩ። ባልቴቷ ለሞቷ ቀን ያኖረችው ነበር። ተመልሼ "ይኸው እማማ፣ አላወቅሁም" ብላት በሩን ይዛ አላስገባ አለችኝ። "እኔ ቀን አለኝ፤ የቸኮሉት እነሱ ናቸው" አለች። ያን አቡጀዲ ለማሰሪያ ቀደድኩት። ባልቴቷ በምን ተገንዛ እንደተቀበረች አላውቅም። እስከ ዛሬ ድረስ አዲስ አቡጀዲ በመቀስ ስቀድ እሷ ትመጣብኛለች።

ይህን ያየሁ ሴት ከዚህ በላይ የሚያስደነግጠኝ አይመጣም ብዬ ነበር። ወይ አለማወቅ!

በዚህ በቅርቡ ጦርነት ጊዜ ሦስት ሆነን ነበር የምንዞረው። አንዷ እኔ ነኝ። ሁለተኛዋ ገበያው ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ያላት ሙስሊም ጓደኛዬ ናት፤ አብረን ነው ያደግነው። ምላሷ ምላጭ ነው፣ እጇ ግን ለመስጠት ሲሆን ወደ ኋላ አይልም። ሦስተኛዋ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት፤ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም እንደ ተማሪ የምትቆጣ፣ ቀጠሮ ላይ ቀልድ የማታውቅ ሴት። የሮብ ገበያ ገበሬ ገብሱን በአህያ ጭኖ ያመጣል፣ ባለሱቋ ከነጋዴዎቹ ስኳርና ዘይት ትጠይቃለች፣ እኔና መምህርቷ ከየቤቱ የተዘጋጀውን እንሰበስባለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ ጆንያው እየሞላ ይሄዳል።

ስንቅ ከሚያዘጋጁልን ሴቶች ሁሉ ግን አንዷን የምታህል አልነበረችም። ከእኔ ቤት ወረድ ብሎ የምትኖር፣ መናኸሪያ ላይ ለተሳፋሪ ዳቦ ቆሎ እየሸጠች አንድ ልጇን ብቻዋን ያሳደገች ሴት ናት። በዕድሜ ልጄ ትሆናለች። ልጇ ዘምቷል። እሱ ከዘመተ ጀምሮ ከምትሸጠው የምትሰጠን ይበልጥ ነበር። ዳቦ ቆሎዋ ላይ ጥቁር አዝሙድ ትጨምራለች፤ ከተማው ውስጥ እንደዚያ የሚያደርግ ሌላ ሰው አላውቅም። አንድ ቀን "ልጄ፣ ለምን ለሽያጭሽ ብቻ አታደርጊውም? አዝሙዱ ውድ ነው" ብላት፣ "እትዬ፣ ታዲያ ለልጄ ቢደርሰው የእኔ መሆኑን በምን ያውቃል?" አለችኝ።

ከዚያ ሁሉ ጆንያ መሃል የእሷ እፍኝ ወጥታ፣ ከዚያ ሁሉ ሠራዊት መሃል ልጇን ታገኘዋለች ብላ ታምን ነበር። ምን ይባላል? አሜን አልኳት። አንጀቴን በላችው።

አንድ ሳምንት፣ "የዛሬው ብዙ ነው፤ ነገ ጠዋት ወደ መናኸሪያ ሳልወርድ ብቅ በሉና ውሰዱት" ብላ ላከችብን። እሺ አልን።

በማግሥቱ ግን ገና ሳይነጋ ሌላ ነገር መጣ። ከላይ ሰፈር የአንድ አናጢ ልጅ ግንባር ላይ መሞቱ ተሰምቶ፣ መርዶ ሊነገር ነውና ኑ ተባልን። የመርዶ ወጉ የታወቀ ነው። ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ልክ ሲነጋ፣ የእድሩ ሰዎች፣ ቄሱና የሚቀርቡት ሴቶች ተሰብስበው ይሄዳሉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ወደ አንገታቸው አውጥተው ይለብሳሉ። በሩ ሲከፈት "ሞተ" የሚል ማንም የለም። "ደህና ነው፣ ትንሽ አሞት ነው" ይባላል። ቀጥሎ "ጠንከር ብሎበታል" ይባላል። ቤተሰቡ ቃሉን አይሰማም፤ ሰዓቱንና ነጠላውን አይቶ ነው የሚጮኸው።

አለቀስን። የአናጢውን ሚስት ደግፈን፣ ውኃ አፍስሰንባት፣ ድንኳኑ ሲተከል አየንና ሦስታችን ቁልቁል ወደ ቤታችን ጀመርን። የዳቦ ቆሎ ሻጯ በር መንገዳችን ላይ ነው። መምህርቷ ቆመችና "ቀጠሮ አለን እኮ። አሁን ካለፍናት ወደ መናኸሪያ ትወርዳለች" አለች። እውነቷን ነው። አንኳኳን።

ዓይናችን እንዳበጠ ነው። ነጠላችን እንደተዘቀዘቀ ነው። ከለቅሶ የሚመለስ ሰው እንዲያ ሆኖ ነው የሚመለሰው፤ ሬሳ ወይም መርዶ ካለበት ቤት ወጥቶ መንገድ ላይ ነጠላውን የሚያሳምር ካለ እኔ ራሴ ነኝ የምታዘበው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ስንት ጊዜ አገላብጬ አየሁት መሰላችሁ። የእሷ ቀጠሮ ልክ ነበር፣ የእኛም ነጠላ ልክ ነበር። የሚያበሽቀኝ ይኸው ነው።

ዳቦ ቆሎ ሻጯ በሩን ስትከፍት ፈገግ እንዳለች ነበር። ከዚያ ዓይኗ ከፊቴ ወደ ነጠላዬ ወረደ።

"እትዬ..." አለች።

"እንዴት አደርሽ ልጄ? ለስንቅ ነው የመጣነው" አልኳት።

"ምን ሆኖብኝ ነው?"

ያኔ ገባኝ። ከዚያ ነጠላዬን ከላዬ ልገፍ ስታገል ይብሱን አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። "ኧረ ምንም አልሆነም! ደህና ነው! በማርያም፣ ደህና ነው!" አልኩ።

"አሞት ነው?"

"አላመመውም!"

"ቆስሎ ነው?"

"ምንም አልሆነም እኮ ነው የምልሽ!"

መርዶ የሚያመጣ ሰው ሁሉ የሚለውን ነበር ያልኩት። ሌላ ምን ልበል? ደህና ነው ባልኩ ቁጥር ልጁን እየገደልኩት ሄድኩ። "ወየው ልጄን! ወየው አንድዬን!" ብላ ራሷን ከመቃኑ ጋር አጋጨችው። ባለሱቋ ተንደርድራ ያዘቻት፤ ሁለቱም አብረው ወደቁ።

የሰፈራችን ሰው ጩኸት ሲሰማ ጫማ ለማጥለቅ እንኳ አይቆምም። ጎረቤቱ ሁሉ አጥር ዘሎ ደረሰ። ሦስታችንን አዩ፣ ነጠላችንን አዩ፤ ምን ሆነ ብሎ የጠየቀ የለም። ባለሱቋ ከወደቀችበት ተነሥታ፣ "ወላሂ የሞተ ሰው የለም! የሞተ የለም!" እያለች ትጮሃለች። አንድ ሽማግሌ እጇን ይዘው፣ "አይዞሽ ልጄ፣ ልጅሽ ያህል ነበር፣ አላህ ያጽናሽ" ይሏታል። በሌላ ቀን ቢሆን ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር። መምህርቷ "ጸጥታ!" ብላ እንደ ክፍሏ ጮኸች፤ ማን ሰምቷት። ይህ ሁሉ ሲሆን የእድራችን ጡሩንባ ነፊ፣ ለአናጢው ልጅ ነፍቶ ሲመለስ ጩኸቱን ሰምቶ ኖሮ፣ መንገዱ ላይ ቆመና ጡሩንባውን ነፋ።

ጡሩንባ ከተነፋ በኋላ አልሞተም የሚባል ነገር የለም፤ አገር ሰምቶታል።

ረፋዱ ላይ ድንኳን ተተከለ። መሞቱን ማንም ላልሰማው ልጅ ድንኳን ተተከለ! እናትዮዋ ፊቷን በጥፍሯ ነጭታ ደም በደም ሆናለች። የእድሩ ዳኛ መጥቶ "መርዶውን ያመጣው ማን ነው?" ሲል ሰው ሁሉ ወደ እኛ ጠቆመ። "እኛ ለስንቅ ነው የመጣነው" አልኩ። ከሁሉ ቀድመው ነገሩ የገባቸው ቄሱ ናቸው። እጃቸውን አንሥተው ለቅሶውን ዝም አሰኙና መስቀላቸውን ዘረጉልኝ።

"የዚህን ልጅ ሞት የነገረሽ ሰው አለ?"

"የለም አባቴ።"

"መስቀሉን ይዘሽ ማይ።"

ማልኩ። ሰው ሁሉ ተነፈሰ። እናትዮዋ ከመሬት ቀና ብላ፣ እየተሳበች መጥታ እግሬን ያዘች። "እትዬ፣ በሕይወት አለ ብለውም ይማሉልኝ" አለችኝ።

ዝም አልኩ።

የልጁ ስልክ ከተዘጋ ከርሟል። ግንባር ያለ ልጅ በዚያች ሰዓት ምን ላይ እንዳለ በምን አውቄ ልማል? መስቀል ይዤ ልዋሽ? እሷ ከታች ሆና ታየኛለች፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያየኛል፤ ቄሱም መስቀላቸውን አላወረዱም። ለሰው ልጅ ሁሉ ስለምን የኖርኩ ሴት ለዚች እናት አንዲት ቃል መስጠት አቃተኝ። ዝምታዬን አየችና ተመልሳ መሬቱ ላይ ተደፋች። ከመጀመሪያው ጩኸቷ ይልቅ ያ መደፋቷ ነው እስከ ዛሬ የሚሰማኝ።

ድንኳኑ የትም አልሄደም። ቄሱ "ሳይሞት ፍትሐት አላደርስም" አሉ፤ እድርተኛው ደግሞ "እናት እያለቀሰች ድንኳን አይነሣም" አለ። ለቅሶ ደራሹም ግራ ገባው። አንዱ "እግዜር ያጽናሽ" ይላታል፣ ሌላው ከአጠገቡ "እግዜር በሰላም ይመልስልሽ" ይላታል። እኔ ጥግ ላይ ኩርምት ብዬ እቀመጣለሁ። ማንም አልነቀፈኝም፤ ቢነቅፉኝ ይሻለኝ ነበር።

ድንኳኑ ተነሥቶ ሰው ወደየሥራው ከተመለሰ በኋላ፣ አንድ ቀን መኪናዬን እየረገጥኩ ሳለ ከውጭ እልልታ ሰማሁ። ወጣሁ። ዳቦ ቆሎ ሻጯ ናት። ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች፣ ፊቷ ላይ የደረቀው ቁስል ሳይለቅ፣ በመንገዱ መሃል እልል እያለች ትመጣለች። አበደች ብዬ ክው አልኩ።

"ደወለ እትዬ! ደወለ! በሰው ስልክ ደወለ!" ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። "‘እማዬ፣ ድምፅሽ ምነው ጎረነነ? ጉንፋን ነው?’ አለኝ። አዎ ጉንፋን ነው አልኩት!"

እሱን ስታለቅስ የጎረነነ ድምፅ ነው። ሁለታችንም መንገዱ ላይ ቁጭ ብለን ስንስቅ ስናለቅስ ባለሱቋ ደረሰች፤ "እኔ አላልኩም? እኔ ወላሂ ብዬ አልነበረም?" እያለች ሰፈሩን በሙሉ ዞራ ተቆጣችው።

በአገራችን በቁሙ የተለቀሰለት ሰው ዕድሜው ይረዝማል ይባላል። ባልቴቶቹ ይህን ነገሯት። እኔም ነገርኳት፤ ያልነገራት ሰው የለም። ካሳ የምንክሳት መስሎን ነው። እሷ ግን እንደ ወንጌል ያዘችው። እንባው ተከፍሏል፣ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ጡሩንባው ተነፍቷል፤ ከእንግዲህ ሞት ልጇን በምን ይጠይቀዋል? ጥቁሯን አውልቃ ነጭ ለበሰች። ዳቦ ቆሎዋን ከበፊቱ አብልጣ ትጠብስ ጀመር። እኔን መንገድ ላይ ስታየኝ ከሩቅ፣ "እትዬ፣ ዛሬስ ማንን ገደላችሁ?" ትለኛለች፤ መናኸሪያው በሙሉ ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር። እንደዚያ ወር ስቄ አላውቅም።

ጦርነቱ አለቀ ተባለ። ከዘመቱት የተመለሰ ተመለሰ፤ የእሷ ልጅ ግን አልመጣም። ከዚያች ስልክ ወዲህም አልደወለ። "መንገድ ላይ ይሆናል፣ የተለቀሰለት ልጅ ምን ይሆናል?" ትላለች። እሷ ባመነች ቁጥር እኔ በመናኸሪያው በኩል ላለማለፍ መንገድ እቀይር ጀመር።

አንድ ቀን ቄሱ ቤታቸው አስጠሩኝ። የእድሩ ዳኛ፣ ባለሱቋና መምህርቷ ተቀምጠዋል። ከእነሱ ጋር በምርኩዝ የሚሄድ አንድ ልጅ እግር ወታደር አለ። አንገቱን ደፍቶ ተናገረ። ከዳቦ ቆሎ ሻጯ ልጅ ጋር ግንባር ላይ አብረው ነበሩ። ከስልኩ በኋላ ብዙም አልቆየም። የቀበረውም እሱ ራሱ ነው።

ሁሉም ሲያለቅሱ እኔ እንባ እምቢ አለኝ። ከድንጋጤዬ የተነሣ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የመጣልኝ። "ልጄ፣ ጥቁር አዝሙድ ያለበት ዳቦ ቆሎ ደርሷችሁ ያውቃል?" አልኩት።

ግራ ገብቶት አየኝ። "እኔ እንጃ እማማ፤ ስንቅ ስንቅ ነው። ጨለማ ውስጥ እየተሽቀዳደምን ነው የምንበላው፤ ማን ጣዕሙን ያስተውላል?" አለኝ።

መርዶውን ለመናገር አልሄድም አልኩ። ቄሱ "አንቺን ታምንሻለች" ቢሉኝ፣ "ለዚሁ ነው እኮ የማልሄደው!" ብዬ ጮኽኩባቸው። በሕይወቴ ቄስ ላይ የጮኽኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ባለሱቋ እጄን ያዘችኝ። "እኛ ካልሄድን ሌላ ሰው ይሄዳል። የማታውቀው ሰው ሲነግራት ትወጃለሽ?" አለችኝ።

በማግሥቱ ልክ ሲነጋ ሄድን። ነጠላችንን አዘቀዘቅን፤ ወግ ነውና። ጡሩንባ ነፊው ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ቀረ። የባለፈው ጸጸት ይዞት፣ "ዛሬ ጩኸቷን በጆሮዬ ሳልሰማ አልነፋም" ብሎናል። በሩን አንኳኳሁ።

ከፈተች። እጇ በዱቄት ነጭ ሆኗል። ቄሱን አየች፣ ዳኛውን አየች፣ ሦስታችንን ከነነጠላችን አየች። ከዚያ ከት ብላ ሳቀች።

"አይ እትዬ! ዛሬስ አታስደነግጡኝም! አባታችንንም ጨመሩልኝ ደግሞ?" አለች። "ግቡ፣ ግቡ፣ ይበርዳል።"

"ልጄ..." አልኩ።

"አውቃለሁ፣ ለስንቅ ነው የመጣችሁት።"

"ጦርነቱ እኮ አልቋል ልጄ። ስንቅ አንሰበስብም።"

"እንግዲያ ለተፈናቃይ ይሆናላ! እርስዎ መቼ የሚለምኑለት ያጣሉ?" ብላ ወደ ጓዳ ገባች። የተጠበሰ ዳቦ ቆሎ የሞላበት ሳፋና ባዶ ከረጢት ይዛ ተመለሰች። ከረጢቱን እጄ ላይ አደረገችልኝ። "አፉን ከፍተው ይያዙልኝ" አለች። ያዝኩላት። በጣሳ መስፈር ጀመረች። ጥቁር አዝሙዱ ሸተተኝ።

የእድሩ ዳኛ ጉሮሮውን ጠረገና እንደ ወጉ ጀመረ። "ልጅሽ ትንሽ አሞት ነበር አሉ..."

"ባለፈውም አሞት ነበር!" ብላ ሳቀችበት።

"ጠንከር ብሎበት ነበር ልጄ" አሉ ቄሱ።

"የተለቀሰለት ልጅ ነው አባቴ፣ ምን ይሆንብኛል?" አለች፤ እየሰፈረች ነው።

ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ደጅ ቆሜ ስለምን ቃል አጥሮኝ አያውቅም። ያን ጠዋት የቀረኝ ግን አንድ ቃል ነበር፤ በአገራችን መርዶ ላይ ማንም አውጥቶ የማይናገረው ቃል።

"ሞቷል" አልኳት።

ጣሳዋ አየር ላይ ቆመች። ነጠላዬን አላየችም፤ ፊቴን ነው ያየችው። ባለሱቋ ራሷን ከመቃኑ ጋር እንዳታጋጭ እጇን ዘርግታ ተጠጋቻት። ጡሩንባ ነፊው ከአጥሩ ማዶ ይጠብቃል። ሁላችንም ጩኸቷን ጠበቅን። አልጮኸችም። በባለፈው ለቅሶ ጮኻ ጨርሳው ነበር መሰለኝ። ጣሳዋን ከረጢቱ ውስጥ ገለበጠችና ጎንበስ ብላ እንደገና ሞላች።

"አጥብቀው ይያዙት እትዬ፣ ይፈስሳል" አለችኝ።

አጥብቄ ያዝኩላት።